የአያ ኑሩ የደንገል ጦር

የአድማሱ ዐርባ የወጣ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የተሳፈርንባት መኪና በሐይቁ ዳር መንገድ አለፈች። መስኮቱ ክፍት ነበርና አዲስ የታጨደ፣ ታንኳ የሚታሰርበት እርጥብ ደንገል ሸተተኝ። ከደንገል ጋር ላልኖረ ሰው ሽታውን ምን ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም፤ የሣርም ነው፣ የዓሣም ነው፣ ጭቃም አለበት። እኔን ግን ያ ሽታ ሁልጊዜ የሚወስደኝ ወደ አንድ ዓመትና ወደ አንድ ዳስ ነው። ሾፌሩን «አውርደኝ» አልሁት። «እማማ፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ጉልበትዎን ያምምዎታል» አለኝ። «ጉልበቱ የኔ ነው፤ አንተ ፍሬንህን ያዝ» ብዬው ወረድሁ።

አድማሱ የታሪክ መምህር ነበር። የከተማውን ግማሽ አስተምሯል፤ በቀብሩ ላይም ስለ አስተማሪነቱ ብዙ ተባለ። ይገባዋል። እኔ ግን በዕድሜው ከሠራው ሁሉ አብልጬ የማደንቅለት በዚያ ዳስ ውስጥ፣ በደንገል ወታደሮች ፊት ያደረገውን አንድ ነገር ነው። ያንን ያየን ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆንን በቀብሩ ላይ ማንም አላነሳውም፤ እኔም ለቅሶ ላይ አፌ አይፈታም። እዚህ ላንሳው።

ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት ከናዝሬት ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታና የፕላን ነዳፊ ሆኜ ተቀጥሬ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ቦላሌ ሱሪ ገና መንገዱን ይጠርግ ነበር፣ አፍሮ ግን መሳሳት ጀምሯል፤ በዚህ ይገመት። ከተማው የብስክሌት ከተማ ነበር። ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ከዘንባባዎቹ ሥር ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ይሞላል፤ ባል እየነዳ፣ ሚስት ከኋላ በጎን ተቀምጣ፣ የምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። ፖስታ ቤቱ አጠገብ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘዘ ሰው ደመወዝ እንደወጣለት ይታወቅበታል። ዛሬ እዚያው ማዕዘን ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል፤ የሻዩን ዋጋ ሳይ ማማሰያውን እረሳለሁ። ያኔ እኔ የቴትሮን ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ማስመሪያዬን በብብቴ ይዤ ስሄድ «የመሥመር እመቤት» ይሉኝ ነበር። አልፈርድባቸውም። ጠማማ ነገር አልወድም። የተንጋደደ ሥዕል ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ካየሁ ሳላቃና አልወጣም። አነጋገሬም ያስቃቸው ነበር፤ እኔ «ሄድኩ» ስል እነሱ «ሄድሁ» ነው የሚሉት። ዛሬ ደግሞ «ሄድሁ» ስል የሚስቁብኝ የናዝሬት ዘመዶቼ ናቸው።

ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ሦስት ተከራዮች ነበርን። አንዱ አድማሱ ነው፤ የዳንግላ ልጅ፣ ረጅም፣ ኪሱ ሁልጊዜ ጠመኔ ጠመኔ የሚል፣ ሲናደድ ድምፁ የሚቀጥን። ሌላው በላይ ነው፤ የፋብሪካው የሽመና ማሽን ሠራተኛ፣ የቆላ ድባ እህል ነጋዴ ልጅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገርና ቀስ ብሎ የሚበላ። ሦስተኛዋ እኔ። ከግቢያችን ጀርባ፣ ወደ ውኃው ሲወረድ፣ ታንኳ የሚሠሩበት የአያ ኑሩ ዳስ ነበር። አያ ኑሩ ከኛ በዕድሜ ከፍ ይላሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም በዚያው ዳርቻ ደንገል ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። ጁምዓ ስግደት ሲሄዱ ነጭ ይለብሳሉ፤ በሌላው ቀን ልብሳቸውም እጃቸውም ደንገል ደንገል ይሸታል።

ነገሩ የተጀመረው ፋብሪካው ውስጥ የነበረ አንድ የውጭ አገር መካኒክ አገሩ ሲገባ ለበላይ ትንሽ መጽሐፍ ትቶለት በሄደ ጊዜ ነው። በላይ «የማሽን መጽሐፍ መስሎኝ ነበር፤ ፈረስ አየሁበት» ብሎ አድማሱ ዘንድ አመጣው። አድማሱ ገልጦ ገልጦ በሳቅ ፈረሰ። የድሮ ጦርነት በጠረጴዛ ላይ በትናንሽ ወታደሮች እንደገና መዋጊያ ደንብ ነው። ማን ስንት ርምጃ እንደሚሄድ፣ ጥይት የት ድረስ እንደሚደርስ፣ የፈራ ጦር መቼ እንደሚሸሽ ሁሉ ተጽፏል። «ይኸማ ገበጣ ነው፤ ገበጣ ጋሻ ሲይዝ!» አለ። በሳምንቱ የአያ ኑሩ ዳስ ውስጥ በሁለት በርሜል ላይ የዋንዛ ሳንቃ ተዘርግቶ፣ እኔ ከሐይቁ አሸዋ እየለጠፍሁ ኮረብታና ወንዝ እሠራ ነበር።

የትኛው ጦርነት እንደሚሆን ክርክር አልነበረም። በሐይቁ ማዶ ደምቢያ ላይ ጉር አምባ የሚባል ሜዳ አለ፤ በዘመነ መሳፍንት የጎጃም ጦርና የቋራ ጦር ተጋጥመውበት ጎጃም የተሸነፈበት። የአድማሱ ቅድመ አያት ከጎጃም ጦር ጋር ሄደው አልተመለሱም፤ የት እንደተቀበሩ እንኳ ቤተ ሰቡ አያውቅም። የበላይ ቅድመ አያት ደግሞ በወዲያኛው ወገን ነበሩ ይባላል። እና አድማሱ ጎጃምን ያዘ፣ በላይ ቋራን፣ እኔ መሬቱን፣ አያ ኑሩ ደግሞ ዳኝነቱን።

ወታደሮቹን የሠሩት አያ ኑሩ ናቸው። የደንገሉን አረንጓዴ ልጣጭ ገፍፈው ነጩን ሆዱን በጣት አንጓ ልክ ቆርጠው፣ በእሾህ ጫፍ አፍንጫና ጋሻ አወጡለት። ጎጃምን ቀይ ክር አሰሩት፣ ቋራን ሰማያዊ። በመጀመሪያው ጨዋታችን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ መጣና የአድማሱን ጦር በሙሉ ጠራርጎ መሬት ጣለው። በላይ ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ ወዲህ የሁሉም እግር በሰም ተለወሰ።

የፈረንጁ ደንብ በኢንች ነበር። አድማሱ «ስንዝር ይሁን» አለ። የማን ስንዝር? የአያ ኑሩ እጅ መቅዘፊያ ያህላል፣ የኔ ደግሞ ማንኪያ። ሁለት ቅዳሜ ከተጨቃጨቅን በኋላ የበላይ እጅ መካከለኛ ነው ተብሎ አያ ኑሩ በእሱ ስንዝር ልክ የደንገል ዘንግ ቆረጡ። መለኪያችን ያ ሆነ፤ ስሙም «የበላይ እጅ»። «ፈረሰኛህ ሁለት የበላይ እጅ ነው የሚሄድ፤ አትለጥጠው!» እያልን እንጮህ ነበር። ዕጣውም እንዲሁ፤ ነጥብ የተሳለባቸው ጠጠሮች በዘይት ጣሳ ውስጥ ይንኳኳሉ፣ አንዱ ይወጣል።

ከዚያ ወዲያ ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሰኞ የቅዳሜውን እናወራለን፣ ሐሙስ ለቅዳሜው እንዶልታለን። የአያ ኑሩ ትራንዚስተር ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያንጎራጉራል፤ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ሲሞቅ እንደገና ይዘፍናል። ከዘጌ የሚመጡ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በበሩ ፊት ያልፋሉ። ቀዛፊዎቹ «ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ብለው ይጮሃሉ። ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ተጠብሶ በጋዜጣ ላይ ይቀርብልናል፤ አድማሱ ዓሣ በበላበት እጁ ወታደሮቹን እንዳይነካ እኔ ዘብ እቆማለሁ።

አድማሱ ግን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። የሚያውቀው ሁሉ ልቡ እስኪሞቅ ነው። ግራና ቀኙን አሰልፎ፣ ፊታውራሪውን አስቀድሞ፣ ደጀን እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር ውሎ፣ ጣሳው ሲንኳኳ ያለውን ሁሉ ወደ ፊት ይለቃል። በላይ እህል ዋጋ እስኪያወጣ እንደሚጠብቅ ነጋዴ ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ የጎጃም ፈረሰኛ ከበላይ ድንኳን በር ሲደርስ በላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እዚያ ላይ ዋልካ ነው» አለ።

«ምን ዋልካ?» አለ አድማሱ።

«የኛ አገር ጭቃ ነዋ። እንኳን ፈረስ፣ ወሬም አያልፈው። ክረምት ነው አላልህም?»

«ጭቃህን ከቆላ ድባ በስልቻ ተሸክመህ መጣህ!» ብሎ አድማሱ ተነሥቶ ወጣ፤ ድምፁ ቀጥኖ። ግን ዋልካው እውነት ስለሆነ አያ ኑሩ ፈረዱበት፤ ከዚያ ወዲህ በጭቃ የገባ ፈረሰኛ ግማሽ የበላይ እጅ ብቻ ይሄዳል ተባለ።

አያ ኑሩን የሚከነክናቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ቆመው ሳለ፣ «እንዴ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ሊፋጅ አስታራቂ የለም? ፈረንጅ ሽማግሌ የለውም?» አሉ። መጽሐፉ ተገለጠ፤ የለም። «እንግዲያ መጽሐፉ ጎዶሎ ነው» ብለው ወዲያው አንድ መነኩሴ ከነመስቀሉ ቆረጡ። አድማሱ «ብቻውንማ አይሆንም፤ እርስዎም ይጨመሩበት» ቢላቸው ስቀው አንድ ሼህ ከነጥምጣሙ ደገሙ። ሽማግሎቹ በጦሩ መካከል ከቆሙ ማንም እጁን እንዳያነሳ ደነገግን።

ችግሩ ወዲያው መጣ። የተሸነፈ ሁሉ «ሽማግሎቹ ይውጡ!» ይላል። ሁለት ወር ሙሉ በጉር አምባ ደም አልፈሰሰም። የጎጃም ጦር ይወጣል፣ ይሰለፋል፣ ሊሸነፍ ሲል ይታረቃል፣ እኛም ዓሣችንን በልተን ወደየቤታችን እንገባለን። ለካ እኛ ጦርነት መጫወት እንኳ አይሆንልንም። በመጨረሻ አድማሱ ራሱ፣ የታረቀው ሁሉ እሱ ሆኖ ስላፈረ፣ አዲስ ደንብ አወጣ። «ሽማግሎቹን ማውጣት የሚችል ያሸነፈው ብቻ ነው። የሚያነሳቸውም ያው ያወጣቸው ነው። የተሸናፊ እርቅ ምርኮ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሎቹን የጠራ የለም። ሊያሸንፍ የደረሰ ሰው ምን ብሎ ይጠራቸዋል? በሳንቃው ጠርዝ ላይ ቆመው ከረሙ።

መስቀል አልፎ አደይ ሲረግፍ በላይ ተጠራ። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከፋብሪካው ከሄዱት ልጆች የተመለሰ አልነበረም። የጦር ግንባሩን ስም ማናችንም አላነሳነውም። በላይ ብቻ፣ «ነገ ጠዋት ነው የምንሄድ። ዛሬ እንጫወት እንጅ» አለ። ተቀመጥን። እኔ ፈርቼ ነበር፤ በዚያ ዓመት በላይን ከጓደኛም አስበልጬ መውደዴን ለራሴ ያመንሁት ያን ከሰዓት ነው።

እንዳጋጣሚ ሆኖ ያን ቀን አድማሱ ደጀን አስቀረ። ሙሉ ዓመት ያልተማረውን ያን ዕለት ተማረ። ዕጣው ሁሉ በስድስት በስድስት ይወጣለታል፤ ቀኙ ዋልካውን ዞረ፣ ግራው ኮረብታውን ያዘ፣ የበላይ ጦር ተከበበ። ሰማያዊው መሪ ብቻውን ቀረ። አድማሱ የቀረው አንድ ርምጃ ነው፤ ዘንጉን አንስቶ ለካ፤ የበላይ እጅ ይደርሳል። ቅድመ አያቱ ያልተመለሱበት ሜዳ ላይ ጎጃም ሊያሸንፍ ነው። በላይ ፈገግ ብሎ፣ «በል ጨርሰኝና ልሂድ» አለው።

አድማሱ ዓይኑን ከሰማያዊው መሪ አንስቶ በላይን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ዘንጉን አስቀመጠና ወደ ሳንቃው ጠርዝ እጁን ሰደደ።

«ሽማግሎቹ ይውጡ» አለ።

«ምን አልህ?» አለ በላይ።

«ሰምተኸኛል። ጨዋታው አላለቀም። ሲመለስ ነው የምንጨርሰው።»

«ማን ሲመለስ?»

«አንተ ነሃ! ያልጨረስኸው ጨዋታ አለህ፤ ሳትጨርስ የትም አትቀርም!» አድማሱ ይህን ሲል ድምፁ ቀጥኖ ተሰበረ። ሽማግሎቹን በሁለቱ ጦሮች መካከል ሲያቆም የእግራቸውን ሰም ሳይጫን ስለለቀቃቸው ዘመም ብለው ቆሙ፤ መነኩሴው ወደ ሼሁ፣ ሼሁ ወደ ሐይቁ። እጄ ሊያቃናቸው ሲሄድ አያ ኑሩ ክንዴን ያዙኝ። «ተያቸው» አሉኝ። በማግስቱ በላይ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። በመጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳሱ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ማንም ሳንቃውን አይነካም፤ አያ ኑሩ በአቡጀዲ ሸፍነውታል። አንድ ቀን ቀድሜ ስደርስ አድማሱ ብቻውን አቡጀዲውን ገልጦ፣ ያችን የመለኪያ ዘንግ መዳፉ ላይ አጋድሞ፣ በራሱ ስንዝር ሲለካት አየሁት። ሳል አሰምቼ ገባሁ።

ደንገል ደግሞ ዕድሜ የለውም። የሐይቁ እርጥበት ሲይዘው ይበሰብሳል። ክረምት በገባ ቁጥር የጎጃም ጦር ይሻግታል፣ የቋራ ጦር ይጎብጣል። አድማሱ ተስፋ ቆርጦ «እናፍርሰው፤ እርም ይውጣ» ያለ ጊዜ አያ ኑሩ ተቆጡ። እሳቸው ሲቆጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁ። «ታንኳ ስንት ወር ይቆያል? አሣጋሪ ታንኳዬ ረጠበ ብሎ ሐይቁን ይተዋል? ሌላ ያስራል እንጅ!» አሉ። ደንገል አመጡ፣ ልጣጩን ገፈፉ፣ አዲስ ወታደር ቆረጡ፤ እኔ አሮጌው የቆመበትን በእርሳስ ከብቤ አዲሱን በዚያው ቦታ አቆምሁ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ እንዲያ አደረግን። ያችንም ዘንግ አያ ኑሩ ከአሮጌዋ እየለኩ አዲስ ይቆርጡ ነበር፤ እርጥብ ደንገል ሲደርቅ ያጥራልና፣ እንደ ታንኳ ሠሪ ልማዳቸው፣ ለመድረቂያው ትንሽ እያስተረፉ።

በላይ ተመለሰ። እንዴት እንደተመለሰ ቢጻፍ ሌላ ታሪክ ነው፤ በአጭሩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ከስቶ፣ የሰው ካፖርት ለብሶ ዳሱ በር ላይ ቆመ። አልቅሰን ስንጨርስ አቡጀዲውን ገለጥንለት። ጦሩ ሁሉ እንደተወው ቆሟል፤ እሱ ትቶት ከሄደው ግን አንድ ወታደር እንኳ የለም። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ዘንጉን አንስቶ በስንዝሩ ሊለካ እጁን ዘረጋ። አልደረሰም። የበላይ እጅ ከበላይ እጅ በሁለት ጣት በልጧል።

«እጄ አጠረ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

አያ ኑሩ ዘንጉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። በየዓመቱ ለመድረቂያው ያስተረፉት ትርፍ ተጠራቅሞ ነው። «አላጠረም» አሉ እየሣቁ፣ እንባቸው እየፈሰሰ። «አንተ እዚያ ስትከሳ እጅህ እኛ ዘንድ ሲያድግ ነበር።»

በላይ ተቀምጦ አድማሱን፣ «በል ቃልህን አክብር፤ ጨርሰኝ» አለው። አድማሱ ወደ ሽማግሎቹ እጁን ሰደደ። መነኩሴውን በሁለት ጣቱ ያዘ። ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ ለቀቀውና ተደግፎ ተቀመጠ። «እንደገና ብትሄድስ?» አለ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ከዚያ በኋላ በላይ የት ሄደ? የትም። እኔና እሱ ተጋባን፣ ልጆች ወለድን፣ ፋብሪካው ጡረታ አወጣው። አድማሱ በየዓመቱ «ዘንድሮ እጨርስሃለሁ» ይላል፤ በየዓመቱ ይተዋል። ቅድመ አያቱ የቀሩበትን ሜዳ ሊያሸንፍ አንድ ርምጃ ቀርቶት ዕድሜውን ሁሉ ያችን ርምጃ ሳይሄዳት ኖረ። ብዙ ያሸነፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንደ እሱ ማሸነፉን ያስቀመጠ አላየሁም።

ያን ዕለት፣ ዐርባው የወጣ ዕለት፣ በእርጥቡ ደንገል ሽታ እየተመራሁ ስወርድ ዳሱ በሁለት ሆቴሎች አጥር መካከል ተጨብጦ አገኘሁት። አያ ኑሩ ዓይናቸው ፈዟል፤ እጃቸው ግን ያውቃል። ባሌ በላይ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ጃኖውን በትከሻው ጥሎ፣ ደንገል ይገፍፋል። አቡጀዲው ተገልጧል።

«እንግዲህ ጨዋታው እንዲህ ቀረ» አልሁ።

በላይ ወደ አያ ኑሩ ዞሮ፣ «ዳኛው እርስዎ ነዎት። ማን ነው ሽማግሎቹን የሚያነሳቸው?» አላቸው።

«ደንቡን ያወጣው ማን ነው?» አሉ አያ ኑሩ።

«አድማሱ።»

«ምን ብሎ ነው ያወጣው?»

«ያወጣቸው ብቻ ነው የሚያነሳቸው ብሎ።»

«እህ» አሉና የቆረጧቸውን ሁለት አዳዲስ ሰዎች፣ አንዱን ከነመስቀሉ፣ አንዱን ከነጥምጣሙ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «አሮጌዎቹ እግራቸው ረጥቧል። በይ ለውጫቸው።»

አሮጌዎቹን አነሣሁ፣ በእርሳስ የከበብሁበትን አየሁ፣ አዲሶቹን በዚያው አቆምሁ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ትንሽ አየኋቸው፤ ከዚያ መነኩሴውን በጣቴ ነካ አድርጌ ወደ ሼሁ፣ ሼሁን ወደ ሐይቁ አዘመምኋቸው፤ አድማሱ እንዳቆማቸው።